ዱባው ግቢ ሞልቶ ፍሬ ሚያጣው ለምንድነው?

አዳማ ውስጥ ግቢያቸው ዱባ ወይ ዝኩኒ የተከሉ ሰዎች ሚያነሱት ጥያቄ በአብዛኛው አንድ አይነት ነው። ሐረጉ አጥሩን አልፎ ጎረቤት ገብቷል፣ ቅጠሉ ግቢውን ሸፍኖታል፣ ጠዋት ጠዋት ቢጫ አበባ ያብባል፣ ፍሬ ግን የለም። ካለም እንቁላል ምታክል ዱባ ትታይና በሳምንቷ ቢጫ ሆና ጫፏ በስብሶ ትወድቃለች። ከዛ አንዱ ዘሩ ነው ይላል፣ አንዱ አፈሩ ነው ይላል፣ አይን በላው ሚልም አይጠፋም፣ ማዳበሪያ ጨምሩበት ሚለው ምክር ደግሞ ከሁሉም በላይ ይሰማል፣ እሱ እንደውም ነገሩን ያባብሰዋል፣ ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ። የሌማት ትሩፋት ከተባለ ወዲህ ትንሽም ቦታ ያለው ሁሉ የሆነ ነገር እየተከለ ስለሆነ ጥያቄውም በዝቷል፣ ስለዚ ከአበባው ልጀምር፣ ብዙው ችግር እዛ ነው ያለው፣ የአተካከሉን ነገር ከዛ በኋላ እናየዋለን።

ቲማቲም ወይ ቃሪያ ከሆነ አንዱ አበባ ውስጥ ወንዱም ሴቱም አብረው ስላሉ ብዙ ሳያስቸግር ራሱ ያፈራል። ዱባ እንደዛ አይደለም። አንዱ ሐረግ ላይ ወንዴ አበባ ለብቻው፣ ሴቴ አበባ ለብቻዋ ነው ሚወጡት። ከሩቅ ሁለቱም ያው ቢጫ ናቸው፣ ጎንበስ ብላችሁ ከአበባው ስር ስታዩ ግን ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። ወንዴው ቀጭንና ረጅም አገዳ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ከስሩ ምንም ነገር የለም፣ መሃሉ ላይ አንድ ዘንግ አለ፣ ጣታችሁን ብታስነኩት ቢጫ ዱቄት ይይዛል። ሴቴዋ አጭር አገዳ ላይ ወደ ሐረጉ ጠጋ ብላ ነው ምትወጣው፣ ከአበባዋ ስር አንድ ትንሽዬ ክብ ዱባ አለች፣ ዝኩኒ ከሆነ ደግሞ ትንሽዬ ቀጭን ዝኩኒ፣ ውስጧ ዘንግ ሳይሆን ሶስት ቦታ የተከፈለ ወፈር ያለ ሚያጣብቅ ነገር ነው ያለው። ያቺ ትንሽ ዱባ ገና ፍሬ አይደለችም። የወንዴው ዱቄት ከደረሳት ታድጋለች፣ ካልደረሳት ትቢጭና ትወድቃለች። ብዙ ሰው "ይዞ ነበር፣ ወደቀብኝ" ሚለው ይቺን ነው፣ ግን ቀድሞውንም አልያዘችም ነበር።

ሌላው ሚያስደነግጠው ነገር መጀመሪያ ሰሞን ነው። ሐረጉ ማበብ ሲጀምር አንድ ሁለት ሳምንት ያህል ወንዴ አበባ ብቻ ነው ሚያወጣው፣ እነሱ በነጋታው ጠውልገው ይረግፋሉ፣ ሰውየው አበባው እየረገፈ ነው ብሎ ይጨነቃል። ይሄ በሽታ አይደለም፣ ተፈጥሮው ነው፣ ሴቴዎቹ ቆይተው ይመጣሉ፣ ያኔም ቢሆን ወንዴዎቹ በቁጥር ይበልጧቸዋል። ስለዚ እዚ ጊዜ ላይ ምንም አታድርጉ፣ ጠብቁ።

አሁን ዋናው ጥያቄ ዱቄቱ ከወንዴው ወደ ሴቴዋ በምን ይሄዳል ነው። በነፋስ አይሄድም። በቆሎ በነፋስ ነው፣ የዱባ ብናኝ ግን ትልቅና ከባድ ነው፣ ይጣበቃል፣ እንደ በርበሬ ዱቄት አይበንም። የአዳማ ነፋስ እኮ ቀላል ነፋስ አይደለም፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ያሉት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች የመጀመሪያው ምዕራፍ 51 ሜጋ ዋት ሁለተኛው 153 ሜጋ ዋት እንዲያመነጩ ነው የተተከሉት፣ ያ ሁሉ ነፋስ ግን አንዲት የዱባ አበባ አያዳቅልም፣ እንደውም ሲበረታ ንቧም አትወጣም። ስራው የንብ ነው፣ በቃ። ዱባ መጀመሪያ የመጣው ከአሜሪካ አህጉር ነው፣ ሜክሲኮ ውስጥ የዛሬ 10,000 አመት ገደማ ጀምሮ ይለማ እንደነበር ዋሻ ውስጥ በተገኙ ዘሮች ታውቋል፣ እዛ አገር ደግሞ ከዱባ አበባ ውጪ ለልጆቻቸው ሌላ ምግብ ማይሰበስቡ ገና ሳይነጋ ሚነሱ የራሱ የሆኑ ንቦች አሉት። እነሱ እዚ የሉም። እኛ ጋ ስራውን በብዛት ምትሰራው ይቺው የማር ንብ ናት።

ንቧ ደግሞ ያላት ጊዜ አጭር ነው። አበባው ሊነጋጋ ሲል ይከፈታል፣ ፀሐይ ሲበረታ መዘጋት ይጀምራል፣ ሞቃት ቀን ከሆነ 4 ሰዓት ላይ ብትወጡ ብዙው ተጨማዶ ታገኙታላችሁ፣ ሴቴዋ ደግሞ ያቺን አንድ ጠዋት ብቻ ነው ምትከፈተው፣ በነጋታው እንደገና አትከፈትም። በዛ ላይ አንድ ንብ አንዴ አርፋ ብትሄድ አይበቃም። አንድ በደንብ ያደገ ዱባ ውስጥ በመቶ ሚቆጠር ዘር አለ፣ ለእያንዳንዱ ዘር አንድ አንድ ብናኝ ያስፈልጋል፣ ስለዚ ንቦች ደጋግመው መመላለስ አለባቸው። ከተመላለሱ ፍሬው ክብ ሆኖ ይሞላል፣ ትንሽ ብቻ ከደረሰው ባንድ ጎኑ ያብጥና በሌላው ጎን ይቀጥናል፣ አንገቱ ጋ ወፍሮ ጫፉ ላይ ሾሎ የቀረ ዝኩኒ አይታችሁ ከሆነ አንዱ ዋና ምክንያቱ ይሄ ነው። ጭራሽ ካልደረሰው ይወድቃል።

ታዲያ ከተማ ውስጥ ንብ ለምን ይጠፋል? ግቢው ሲሚንቶ ነው፣ ሌላ አበባ የለም፣ ንቧ ለሁለት የዱባ አበባ ብላ አትመጣም። በሶብላ ብትተክሉና እስኪያብብ ብትተዉት፣ አንድ ሁለት እግር ሱፍ አጥሩ ስር ብታደርጉ ትልቅ ለውጥ አለው። ሁለተኛው የምንረጨው ነገር ነው። ቲማቲሙ ላይ ትል አየሁ ተብሎ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ፀረ ተባይ ሚረጭ ሰው አለ፣ ያ ሰዓት ንቦቹ ዱባው አበባ ውስጥ ያሉበት ሰዓት ነው፣ እናንተም ጎረቤትም ትጎዳላችሁ። የግድ ከሆነ አመሻሽ ላይ አበባው ከተዘጋ በኋላ፣ አበባ ላይ ሳይደርስ፣ እቃው ላይ የተጻፈውን መጠን ሳታልፉ። እኔ ለቤት ጓሮ ባይረጭ ነው ምመርጠው፣ ልጆች ሚጫወቱበት ግቢ ነው፣ ቅጠሉንም ምንበላው ነው።

ንብ ከሌለ በእጅ ማዳቀል ነው፣ ከባድ ስራ አይደለም፣ አንዴ ሲገባችሁ ለአንድ አበባ ደቂቃም አይፈጅም። ማታ ላይ ሐረጉን ዞር ዞር ብላችሁ እዩ፣ ነገ ሚከፈተው እምቡጥ ጫፉ ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ ብርቱካናማ ተቀይሮ ታገኙታላችሁ፣ ሴቴዋ የት እንዳለች ምልክት አድርጉ፣ ቅጠል ስር ስለምትደበቅ ጠዋት መፈለጉ ጊዜ ይበላል። ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል ባለው ውስጥ ያን ቀን የተከፈተ ወንዴ አበባ ከነአገዳው ቁረጡ፣ ቢጫ ቅጠሎቹን ዙሪያውን ገንጥሉ፣ መሃል ላይ ያለው ዘንግ ብቻውን ይቀራል፣ አገዳውን ይዛችሁ ያን ዘንግ ሴቴዋ ውስጥ ባለው ሚያጣብቅ ነገር ላይ ቀስ አድርጋችሁ አሹት፣ ሶስቱንም ክፍል አዳርሱ፣ አንዱን ጎን ብቻ ነክታችሁ አትሂዱ፣ ቢጫው ዱቄት ተለጥፎ በአይን ይታያችኋል። አንድ ወንዴ ለሁለት ሴቴ ሊሆን ይችላል፣ ወንዴው ከተረፈ ግን ሁለት ወንዴ ለአንድ ሴቴ ብታደርጉ የተሻለ ነው። ወንዴና ሴቴው ከአንድ ሐረግ ቢሆኑም ችግር የለም። ከተሳካ በሶስት በአራት ቀን ውስጥ ትንሿ ዱባ ስትወፍር፣ አንገቷ ወደ መሬት ሲያዘነብል ታያላችሁ።

እሺ ሁሌም ወንዴ ብቻ እያወጣ ሴቴ ጭራሽ ባይመጣስ? እዚጋ ነው ማዳበሪያው ሚመጣው። ዩሪያ ማለት ናይትሮጅን ነው፣ ናይትሮጅን ቅጠልና ሐረግ ነው ሚያሳድገው፣ ሲበዛ ተክሉ ቅጠል በማውጣት ይጠመዳል፣ ማበቡ ይዘገያል፣ ፍሬውም ያንሳል። ትኩስ የዶሮ ኩስ ያለ ልክ መድፋትም ያው ነው፣ ያውም ስሩን ያቃጥላል። ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ግቢ የሞላ ዱባ ላይ ዩሪያ መጨመር ማለት ፍሬውን ማዘግየት ነው። ሌላው ሙቀት ነው። ቀኑ ሲረዝምና ሲሞቅ ወንዴ አበባ ይበዛል፣ ቀዝቀዝ ሲልና ቀኑ ሲያጥር ሴቴ ይበዛል። አዳማ ከባህር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለ የስምጥ ሸለቆ ከተማ ነው፣ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ያለውን ሙቀት ታውቁታላችሁ፣ ያን ጊዜ ሚያብብ ዱባ ወንዴ ቢያበዛ አትገረሙ።

ስለዚ መቼ ልትከል ለሚለው የኔ ምርጫ መስከረም ነው። ሰኔ ላይ ብትተክሉ ዝናብ ያጠጣላችኋል፣ ይሄ ትልቅ ጥቅም ነው፣ ግን ሚያብበው ሐምሌ መጨረሻና ነሐሴ ላይ ስለሆነ ጠዋት ዝናብ ካለ ብናኙ ይርሳል ንብም አይወጣም፣ የቅጠል በሽታም ይበዛል። መስከረም ላይ ከተከላችሁ መሬቱ ገና እርጥብ ነው፣ ማበቡ ጥቅምት መጨረሻና ህዳር ላይ ይውላል፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ቀዝቀዝ ስለሚል ሴቴውም ይበረክታል፣ ዱባ ከተዘራ ከ90 እስከ 120 ቀን ስለሚፈልግ ጥር ላይ ትለቅሙና ለሁዳዴ የዱባ ወጥ ከጓሮ ይወጣል። ውሃ ማጠጣት ግን ግድ ይሆናል። ዝኩኒ ከ45 እስከ 60 ቀን ስለሚበቃው ለሱ ያን ያህል አትጨነቁ፣ ውሃ ካለ ብዙውን ወር ይሆናል።

አተካከሉ ላይ ብዙ አልቆይም። ቢያንስ 6 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ሚያገኝ ቦታ ይሁን፣ ማንጎ ስር አይሆንም። የኛ አፈር ብዙ ሰፈር ላይ ቀለል ያለ አሸዋማ ስለሆነ ውሃ አይዝም፣ ክንድ ያህል ስፋትና ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍራችሁ ከወጣው አፈር ጋር በደንብ የበሰበሰ ፍግ ወይ ኮምፖስት ግማሽ በግማሽ ቀላቅላችሁ መልሱበት። እዛ ላይ ሶስት ዘር ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ቅበሩ፣ አፈሩ ሞቃት ከሆነ ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ይበቅላል፣ ሁለት ሶስት እውነተኛ ቅጠል (መጀመሪያ ከዘሩ ከሚወጡት ሁለት ቅጠሎች በኋላ ሚመጣውን ማለቴ ነው) ሲያወጡ ጠንካራውን አስቀርታችሁ ሌሎቹን በመቀስ ቁረጡ፣ አትንቀሉ፣ ሲነቀል የሚቀረውም ስር ይነካል። ዱባ ስሩ ሲነካ አይወድም፣ ችግኙን በኩባያ ካፈላችሁትም ትንሽ እያለ ከነአፈሩ ነው መዛወር ያለበት። ሐረግ ሚጥል ዱባ ከጉድጓድ ጉድጓድ ከ2 እስከ 3 ሜትር ይፈልጋል፣ ዝኩኒ ግን ብዙው ቁጥቋጦ ስለሆነ 1 ሜትር ይበቃዋል፣ ቦታ ለሚያንሰው ሰው ዝኩኒ ነው ምመክረው።

ውሃን በተመለከተ በየቀኑ ላይ ላዩን ማርከፍከፍ ብዙም ጥቅም የለውም፣ ስሩ ከላይ ይቀራል፣ ከዛ አንድ ቀን ውሃ ሲጠፋ ይጠወልጋል። በሳምንት ሁለት ሶስቴ አንድ ባልዲ ሙሉ ስሩ ላይ ቀስ እያላችሁ አፍሱ፣ ቅጠሉን አታርጥቡ። ውሃ በፈረቃ ሚመጣበት ሰፈር ያላችሁ፣ የሁለት ሊትር የሃይላንድ ፕላስቲክ ክዳኑን በሚስማር በስታችሁ ቂጡን ቆርጣችሁ በአፉ ደፍታችሁ ከተክሉ አጠገብ ቅበሩት፣ በሱ በኩል ስትሞሉት ውሃው ቀስ እያለ ስሩ ጋ ይደርሳል፣ ፀሐይና ነፋስም አይወስደውም። ዙሪያውን ገለባ ወይ ደረቅ ሳር ጎዝጉዙ፣ በዚ ነፋስ መሬቱ በግማሽ ቀን ነው ሚደርቀው። ደግሞ ቀትር ላይ ቅጠሉ ሲንጠለጠል አይታችሁ ባልዲ ይዛችሁ አትሩጡ፣ ትልቅ ቅጠል ስለሆነ በሙቀት ጊዜ ሚተነው ውሃ ስሩ ከሚስበው ይበልጣል፣ ማታ ላይ ቀና ካለ ደህና ነው፣ ጠዋትም እንደጠወለገ ካደረ ግን እውነትም ጠምቶታል ወይ ስሩ ታሟል።

ወደ ሚወድቀው ፍሬ ልመለስ፣ ምክንያቱም ሁሉም ሚወድቀው በንብ እጦት አይደለም። አንዲት ዝንብ አለች፣ በእንግሊዝኛ ራሱ የኢትዮጵያ የፍሬ ዝንብ ተብላ ምትጠራ፣ ዱባ ዝኩኒና ኪያር ለጋ እያሉ ቆዳቸውን ወግታ ውስጥ እንቁላል ትጥላለች፣ ትሉ ከውስጥ ይበላዋል። እንዴት እንለያለን ካላችሁ የወደቀችውን ዱባ አትጣሉ፣ በቢላ ለሁለት ክፈሏት። ውስጧ ንጹህ ሆኖ ዘሩ ያላደገ ከሆነ፣ ብስባሱም ከአበባው ጫፍ የጀመረ ከሆነ ብናኝ አልደረሳትም ማለት ነው። ነጫጭ ትናንሽ ትል ከተንቀሳቀሰ፣ ከውጪ ቆዳው ላይ ደግሞ መርፌ የወጋው ሚመስል ነጥብና የደረቀ ሙጫ ካለ ዝንቧ ናት። መፍትሄያቸው ለየቅል ስለሆነ ይቺን ምርመራ ሳታደርጉ ምንም አትጀምሩ። ዝንብ ከሆነ የተወጋውን ሁሉ ሰብስባችሁ ፌስታል ውስጥ አስራችሁ ለሳምንት ፀሐይ ላይ አስቀምጡ፣ ዝም ብላችሁ ጥግ ላይ ከጣላችሁት ትሉ አፈር ውስጥ ገብቶ ዝንብ ሆኖ ይመለሳል። ቀጣዮቹን ደግሞ አበባው ከተዳቀለ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ በወረቀት ከረጢት ወይ በአሮጌ ስስ ጨርቅ ላላ አድርጋችሁ ሸፍኗቸው፣ ቆዳው እስኪጠነክር።

ቅጠል ላይ ነጭ አመድ የተነሰነሰ ሚመስለው ፓውደሪ ሚልዲው ሚባል የፈንገስ በሽታ ነው፣ ከታች ካረጁት ቅጠሎች ይጀምራል። ገና ጥቂት ነጠብጣብ እያለ አንድ እጅ ወተት ለዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጣችሁ በሳምንት አንዴ ሁለቴ ጠዋት ብትረጩ ይቀንሳል፣ ብራዚል ውስጥ በዝኩኒ ላይ ተሞክሮ የሰራ ነገር ነው። ቅጠሉን ሙሉ ከሸፈነው በኋላ ግን አይመልሰውም። አንዳንድ ዝኩኒ በተፈጥሮው ቅጠሉ ላይ ብርማ ነጠብጣብ አለው፣ እሱ በሽታ አይደለም፣ በጣት ስትጠርጉት አይለቅም፣ በሽታው ይለቃል።

አንድ ነገር ደግሞ በደንብ እንዲያዝልኝ ምፈልገው ዘር ነው። ብዙ ሰው ዱባና ዝኩኒ ጎን ለጎን ከተከልኩ ይዳቀልና ፍሬው ይበላሻል ይላል። የዘንድሮው ፍሬ አይበላሽም፣ የማንም ብናኝ ቢገባ ምትበሉት ዱባ የእናቱ አይነት ነው፣ ሚቀየረው ውስጡ ያለው ዘር ነው፣ ለውጡም ሚታየው ያን ዘር ስትዘሩት ነው። ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል እንደሚባለው ዱባና ቅል ወገናቸው ስለሚለያይ አይዳቀሉም፣ ዝኩኒና ለጌጥ ሚተከሉት ትናንሽ ባለቀለም ዱባዎች ግን ባብዛኛው አንድ ዝርያ ናቸው፣ በቀላሉ ይዳቀላሉ። ከነሱ የተዳቀለ ዘር ኩከርቢታሲን ሚባል መራራ መርዝ ያለበት ፍሬ ሊሰጥ ይችላል። እሱ በማብሰል አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2015 ጀርመን ውስጥ አንድ ሽማግሌ ከጓሮ የተለቀመ መራራ ዝኩኒ በልተው ሞተዋል። ስለዚ ከራሳችሁ ዘር የበቀለ ዝኩኒ ወይ ዱባ ከሆነ ከማብሰላችሁ በፊት ጥሬውን በምላስ ጫፍ ቅመሱ፣ መራራ ከሆነ ትፉትና ሙሉውን ጣሉ፣ ስኳር ጨምሬ ቅመም ጨምሬ አይባልም፣ ለከብትም አትስጡ።

ለቀማ ላይ ዝኩኒ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ይለቀም፣ ትልቅ ይሁን ብላችሁ ከተዋችሁት ተክሉ ዘር ማድረስ ላይ ይጠመድና አዲስ ማውጣቱን ይቀንሳል። ለዱባ ተቃራኒው ነው፣ አንድ ሐረግ ላይ ሶስት አራት ከያዘ በኋላ ጫፉን ቀንጥሱለት፣ ያን ለጋ ጫፍና ቅጠል እንደ ጎመን ስሩት፣ ዱባውን ግን አትቸኩሉበት። ቀለሙን ከጨረሰ፣ አገዳው ከደረቀና እንጨት ከመሰለ፣ ጥፍራችሁን ቆዳው ላይ ስትጫኑት ካልገባ ደርሷል። አገዳውን ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር አስቀርታችሁ በስለት ቁረጡ፣ በአገዳው አንጠልጥላችሁ አትያዙት፣ ከተነቀለ በዛ ቀዳዳ ነው ሚበሰብሰው። ሙቀትና አየር ባለበት ደረቅ ቦታ ከ10 እስከ 14 ቀን ሲያርፍ ቆዳው ይጠነክራል፣ የአዳማ በረንዳ ጥላ ካለው ለዚ በጣም ይመቻል፣ ከዛ ሲሚንቶ ላይ ሳይሆን ጣውላ ላይ ሳይነካካ ብታስቀምጡት ወራት ይቆያል። በየሳምንቱ ገልበጥ እያደረጋችሁ እዩ፣ አገዳው የተነቀለ ወይ ቆዳው የተጫረ ካለ እሱን አስቀድማችሁ ስሩት።